«ሲኢ አለው» ለምን አይበቃም፦ የገመድ አልባ ዕቃዎች የዓይነት ማረጋገጫ ከጎንደር ሲታይ

ራውተር፣ የባጃጅ መከታተያ፣ የካርድ መክፈያ ማሽን ወይም መገናኛ ሬዲዮ አስመጥቶ ጎንደር ላይ ለመሸጥ የሚያስብ ነጋዴ ይዋል ይደር እንጂ አንድ ጥያቄ ይገጥመዋል፦ «የዓይነት ማረጋገጫ አለው ወይ?» መልሱ ብዙ ጊዜ ካርቶኑን ገልብጦ የሲኢን (የአውሮፓ ኅብረትን CE) ምልክት ማሳየት ነው። ሌላው «ይኸው ዕቃ መርካቶ በግላጭ ይሸጥ የለም እንዴ?» ይላል። ሦስተኛው ደግሞ ያልተመዘገቡ ስልኮች ሊዘጉ ነው የሚለውን ወሬ ያነሣል። ሦስቱም የሚያወሩት ስለተለያየ ጉዳይ ነው። በፒያሳና በአራዳ ሱቆች ሁሉም በአንድ ስም «ፈቃድ» ስለሚባል ግን ክርክሩ መቋጫ አያገኝም።

የዓይነት ማረጋገጫ፣ በተለምዶ አጠራሩ «ታይፕ አፕሩቫል»፣ አንድ የተወሰነ የመሣሪያ ሞዴል የአገሪቱን የሬዲዮ ሞገድ፣ የደህንነትና የኤሌክትሮማግኔት ተስማሚነት (ሌላ መሣሪያ ሳይረብሽና ሳይረበሽ የመሥራት) መስፈርት ማሟላቱን ተቆጣጣሪው፣ በእኛ አገር የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን፣ የሚያረጋግጥበት ሰነድ ነው። የሚመለከተው ሞዴሉን ነው። የብራንዱ ታዋቂነት ወይም የአስመጪው መልካም ስም አይተካውም። ብዙው ኪሳራ የሚመጣውም ሰነዱ ከባድ ስለሆነ አይደለም። ዕቃው ተገዝቶ፣ ተጭኖ፣ ወደብ ወይም መጋዘን ከደረሰ በኋላ ስለሚፈለግ ነው።

አራት ወረቀቶች፣ አራት ጥያቄዎች

የመጀመሪያው ወረቀት ራሱ የዓይነት ማረጋገጫው ነው። ጥያቄው «ይህ ሞዴል እዚህ አገር ቢሠራ ሌላውን አይረብሽም? ተጠቃሚውንስ አይጎዳም?» የሚል ነው። ሁለተኛው የማስገቢያ ፈቃድ ሲሆን፣ «ይህ ጭነት፣ በዚህ ደረሰኝ፣ በዚህ ብዛት ይግባ?» ብሎ ይጠይቃል። ሞዴሉ ማረጋገጫ ያለው ዕቃም ቢሆን ጭነቱ በየጊዜው የራሱን የጉምሩክ ሒደት ያልፋል።

ሦስተኛው የፍሪኩዌንሲ ፈቃድ ነው። ዋይፋይና ብሉቱዝ የሚሠሩባቸው ሞገዶች በተወሰነ ኃይል እስከተጠቀሙባቸው ድረስ በአብዛኛው ዓለም የግል ፈቃድ አይጠይቁም። መገናኛ ሬዲዮ ግን የተለየ ነው። ከ136 እስከ 174 እና ከ400 እስከ 520 ሜጋኸርዝ የሚሸፍን፣ 4 ወይም 5 ዋት የሚያወጣ የእጅ ሬዲዮ ያለፍሪኩዌንሲ ምደባ ሥራ ላይ ሊውል አይችልም። ወደ ሰሜን ተራሮች እንግዶችን የሚወስድ አስጎብኚ ድርጅት አሥር ሬዲዮ ገዝቶ ሞዴሉ ማረጋገጫ አለው ብሎ ቢረካ፣ ከጉዳዩ ገና ግማሹን ነው የጨረሰው። ድሮን ላይ ደግሞ ሌላ በር አለ፤ ከሬዲዮው በተጨማሪ የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር ፈቃድ ያስፈልጋል። ለጥምቀትና ለሠርግ ቀረጻ ድሮን የሚያስመጡ ሰዎች ዕቃቸው አየር ማረፊያ ላይ የሚቀረው ባብዛኛው በዚህ ምክንያት ነው።

አራተኛው የስልክ መለያ ቁጥር ምዝገባ ነው። እያንዳንዱ ስልክ 15 አኃዝ ያለው አይኤምኢአይ የሚባል ቁጥር አለው፤ *#06# ሲደወል ይታያል። የፊተኞቹ 8 አኃዞች ሞዴሉን፣ ቀጣዮቹ 6 ነጠላውን ስልክ ይለያሉ፤ የመጨረሻው ማረሚያ አኃዝ ነው። ኢትዮ ቴሌኮም በ2010 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ስልኮችን በዚህ ቁጥር መመዝገብና ያልተመዘገቡትን ከኔትወርክ ማስወጣት ሲጀምር የተፈጠረው ትዝታ እስከ ዛሬ ስላለ፣ ሰዉ ማንኛውንም የተቆጣጣሪ ጥያቄ «ስልክ ሊዘጉ ነው» ብሎ ይረዳዋል። ነገር ግን የቁጥሩ ምዝገባ የሚከታተለው ነጠላውን ስልክ ነው። የዓይነት ማረጋገጫው የሚያየው ንድፉን ነው። ሐሰተኛ ስልክ የእውነተኛ ሞዴል ቁጥር ተገልብጦበት ሊመጣ ስለሚችል አንዱ ሌላውን አይተካም።

ሥልጣኑ ከየት መጣ

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148/2011 የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንን አቋቁሞ፣ የሬዲዮ ሞገድ አስተዳደርንና የቴሌኮም መሣሪያዎችን የዓይነት ማረጋገጫ ለዚሁ ተቋም ሰጥቷል። ከዚያ በፊት ሥራው በሚኒስቴር መሥሪያ ቤት ሥር ነበር። በአሮጌ ሰነዶች ላይ የሚኒስቴሩ ማኅተም የሚታየው ለዚህ ነው።

ከእሱ በፊት የወጣው የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761/2004 ጉዳዩን የያዘበት መንገድ ደግሞ ከአስተዳደራዊ ቅጣት የራቀ ነው። ያለፈቃድ የቴሌኮም መሣሪያ ያመረተ፣ የገጣጠመ፣ ያስመጣ ወይም ለሽያጭ ያቀረበ ከ10 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራትና ከ100,000 እስከ 150,000 ብር መቀጮ፣ ያለፈቃድ የተጠቀመ ወይም የያዘ ከ1 እስከ 4 ዓመት እንደሚቀጣ ደንግጓል። ይኸው አዋጅ ፈቃድ የማያስፈልጋቸውን መሣሪያዎች መለየት እንደሚቻልም ይፈቅዳል። ሕጉ የተቀረጸው በዋናነት የዓለም አቀፍ ጥሪን በድብቅ የሚያሻግሩ ማሽኖችን በማሰብ ነበር ማለት ይቻላል። ቃሉ ግን ሰፊ ስለሆነ ሁለት ራውተር በሻንጣ ያመጣ ሰውም የሚደነግጥበት ምክንያት አለው።

ሞገዱ የሚጣረሰው እንዴት ነው

ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ዓለምን በሦስት የሬዲዮ ቀጣናዎች ከፍሏል። አፍሪካና አውሮፓ በቀጣና 1፣ የአሜሪካ አህጉሮች በቀጣና 2፣ ከእስያ አብዛኛውና አውስትራሊያ በቀጣና 3 ናቸው። አሜሪካ ውስጥ ሕጋዊ የሆነ ዕቃ ጎንደር ላይ ረባሽ የሚሆነው ከዚህ የተነሣ ነው።

ሁለት ምሳሌዎች ጉዳዩን ያሳያሉ። በአሜሪካ ከ902 እስከ 928 ሜጋኸርዝ ያለው ሞገድ ለኢንዱስትሪና ለአነስተኛ መሣሪያዎች ክፍት ነው፤ የሎራ (በትንሽ ኃይል መረጃን ሩቅ የሚልክ ገመድ አልባ ዘዴ) ዳሳሾች፣ የንብረት መለያ አንባቢዎችና አንዳንድ የውኃ ቆጣሪዎች እዚያ ላይ ይሠራሉ። በእኛ ቀጣና ግን ከ890 እስከ 915 ሜጋኸርዝ ስልኮች ወደ ማማው የሚልኩበት የጂኤስኤም (የ2ጂ ስልክ) መስመር ነው። ከስልክ የሚመጣው ምልክት ማማው ጋ ሲደርስ እጅግ ደካማ ስለሆነ፣ ማማው አጠገብ ያለ አንድ ትንሽ ዳሳሽ ሊሸፍነው ይችላል። በቀጣና 1 ለዚህ ዓይነት ሥራ የሚያገለግለው ከ863 እስከ 870 ሜጋኸርዝ ያለው ነው። ዳሳሹ ከውጭ ሲታይ ያው ነው፤ ሳጥኑ፣ ስሙ፣ ዋጋውም ያው። የሚለየው በሞዴሉ ቁጥር መጨረሻ ላይ ያለ አንድ ፊደል ወይም «868» እና «915» የሚል አኃዝ ነው።

ሁለተኛው ዘመድ ከአሜሪካ የሚልከው ገመድ አልባ የቤት ስልክ ነው። የአውሮፓው ዓይነት ከ1880 እስከ 1900 ሜጋኸርዝ፣ የአሜሪካው ደግሞ ከ1920 እስከ 1930 ይጠቀማል። የ3ጂ ስልኮች ወደ ማማው የሚልኩበት መስመር የሚጀምረው 1920 ላይ ነው። ስለዚህ ይህ ስልክ ቤት ውስጥ ሲሰካ የሰፈሩን 3ጂ ይነካል። የፓኪስታን ተቆጣጣሪ ይህንኑ ዕቃ ለይቶ ሲከለክልና ሕዝቡን ሲያስጠነቅቅ ቆይቷል። ባለቤቱ ምንም አይታወቀውም፤ የእሱ ስልክ በደንብ ይሠራልና። የሚቸገረው ጎረቤቱ ነው።

የኔትወርክ ማጉያ፣ ነጋዴው «ቡስተር» የሚለው፣ የተለየ ትኩረት ይገባዋል። ጎንደር ኮረብታና ሸለቆ የበዛባት ከተማ ስለሆነች ከማማ የተሸሸገ ሰፈር፣ በተለይም የሕንፃ ምድር ቤት፣ አይጠፋም። ስለዚህ ማጉያ ይፈለጋል። ርካሹ ማጉያ ብዙ ጊዜ 70 ዴሲቤል ያጎላል ተብሎ ይሸጣል፤ ይህ ኃይልን 10 ሚሊዮን ጊዜ ማባዛት ማለት ነው። እንዲህ ያለ መሣሪያ በሰላም የሚሠራው ጣሪያ ላይ ባለው አንቴናና ቤት ውስጥ ባለው አንቴና መካከል ያለው መለያየት ከማጉያው ኃይል በ15 ዴሲቤል ያህል ሲበልጥ ነው። ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ሁለቱን አንቴናዎች በሦስት ሜትር ርቀት የሰቀለ ሰው ይህን አያገኝም። የውስጡ አንቴና የሚያወጣውን የውጭው መልሶ ይቀበለዋል፤ ድምፅ ማጉያ አጠገብ የተያዘ ማይክሮፎን እንደሚያፏጨው ማለት ነው። ልዩነቱ ይኸኛው ፉጨት አይሰማም፤ ማማው ላይ ግን የዚያን አቅጣጫ ተጠቃሚዎች ሁሉ ጥሪ ያበላሻል። አገልግሎት ሰጪው ችግሩን የሚያገኘው አቅጣጫ ጠቋሚ አንቴና ይዞ ሰፈር ለሰፈር በመዞር ነው። ጥሩ ማጉያዎች ፉጨቱን ራሳቸው አውቀው ኃይላቸውን ይቀንሳሉ ወይም ይጠፋሉ። በዓይነት ማረጋገጫ ጊዜ ከሚታዩት ነገሮች አንዱ ይኸው ነው፤ በዚህ ላይ ማጉያ በኦፕሬተሩ ሞገድ ላይ ስለሚሠራ የኦፕሬተሩ ስምምነትም ያስፈልጋል።

ዋይፋይ ላይ ያለው ችግር ከሞገድ ይልቅ የኃይል ነው። በአውሮፓ መስፈርት የ2.4 ጊጋኸርዝ ዋይፋይ ከአንቴናው የሚወጣው ኃይል 100 ሚሊዋት ሲሆን፣ የአሜሪካው ሕግ በተለመደው አንቴና እስከ 4 ዋት ይፈቅዳል፤ 40 እጥፍ ነው። ሆቴሎችን ከሕንፃ ወደ ሕንፃ የሚያገናኙ ባለሙያዎች የመሣሪያውን የአገር ምርጫ ወደ «አሜሪካ» ወይም ወደ ፍተሻ ሁነታ የሚቀይሩት ይህን ኃይል ፍለጋ ነው። ከዚያ ቅጽበት ጀምሮ መሣሪያው ማረጋገጫ ያገኘው መሣሪያ አይደለም። በ5 ጊጋኸርዝ ላይ ደግሞ ከ5250 እስከ 5350 እና ከ5470 እስከ 5725 ሜጋኸርዝ ባሉት ቻናሎች ራውተሩ ራዳር መኖሩን መጀመሪያ ማዳመጥ፣ ካገኘ መልቀቅ አለበት። የአገር ምርጫው ሲነካካ ይህ ጥበቃም አብሮ ሊጠፋ ይችላል።

ሲኢ እና ኤፍሲሲ የሚሉትና የማይሉት

ሲኢ የአውሮፓ ኅብረት ምልክት ነው። ለአብዛኞቹ የሬዲዮ ዕቃዎች ምልክቱን የሚለጥፈው ራሱ አምራቹ ነው፤ በሬዲዮ መሣሪያዎች መመሪያ 2014/53 መሠረት ፈትሼ፣ ሰነድ አዘጋጅቼ፣ ኃላፊነት ወስጃለሁ ማለቱ ነው። መንግሥት ያየው ሰርተፍኬት አይደለም። ስለዚህ ተቆጣጣሪው «ሲኢ አለው» ሲባል «ሪፖርቱን አሳዩኝ» ማለቱ ምልክቱን መናቅ ሳይሆን ምልክቱ የቆመበትን ሰነድ መጠየቅ ነው።

የአሜሪካው የኮሙኒኬሽን ተቆጣጣሪ፣ የኤፍሲሲ፣ አሠራር የተለየ ነው። ሆን ብሎ ሞገድ የሚያሠራጭ ዕቃ መለያ ኮድ ይሰጠዋል፤ በዚያ ኮድ የፍተሻ ሪፖርቶቹና የውስጥ ፎቶግራፎቹ ለሕዝብ ክፍት በሆነ የመረጃ ቋት ይገኛሉ። ሻጩ ሪፖርት አልሰጥም ያለው አስመጪ እዚያ ገብቶ ቢያንስ ዕቃው ማን እንደሠራው፣ በምን ሞገድና ኃይል እንደተፈተሸ ማየት ይችላል። በነፃ የሚገኝ ጠቃሚ መሣሪያ ነው፤ አስመጪዎቻችን በሚገባው ልክ አልተጠቀሙበትም። ይሁንና ሪፖርቱ የተሠራው ለአሜሪካ ሞገድ ነው። የ915 ሪፖርት ስለ868 ምንም አይናገርም፤ በዋይፋይ ላይም እስከ ቻናል 11 ብቻ ተፈትሾ ሊሆን ይችላል።

የአውሮፓው መስፈርት ራሱም ይቀያየራል። ከሐምሌ 25 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ከኢንተርኔት ጋር የሚገናኙ የሬዲዮ ዕቃዎች በአውሮፓ የሳይበር ደህንነት መስፈርት እንዲያሟሉ ተደርጓል። ለእኛ ሁለት ውጤት ይኖረዋል። አምራቾች ሞዴላቸውን ስለሚያድሱ የቀድሞ ሪፖርቶች ከአዲሱ ዕቃ ጋር ላይገጥሙ ይችላሉ። አውሮፓ የማይቀበለው የቀድሞ ክምችት ደግሞ በርካሽ ወደ ሌሎች ገበያዎች የመገፋት ዕድሉ ይሰፋል። ያልተለመደ ቅናሽ ያገኘ አስመጪ ይህን ቢጠረጥር አይሳሳትም።

ፋይሉ ውስጥ ምን ይገባል

በአብዛኞቹ ተቆጣጣሪዎች ዘንድ የሚጠየቁት ሰነዶች ተቀራራቢ ናቸው፦ የማመልከቻ ደብዳቤ፣ የንግድ ፈቃድና የግብር ከፋይ መለያ፣ አምራቹ አመልካቹን የወከለበት ደብዳቤ፣ የቴክኒክ መግለጫ፣ የተስማሚነት መግለጫ፣ የፍተሻ ሪፖርቶች፣ የውጭና የውስጥ ፎቶግራፍ፣ የመመሪያ መጽሐፍና የመለያ ጽሑፉ ናሙና። አንዳንዴ ዕቃው ራሱ ለናሙና ይጠየቃል።

ክብደቱ ያለው በፍተሻ ሪፖርቶቹ ላይ ነው። ሪፖርቶቹ በአይኤስኦ 17025 (የፍተሻ ላቦራቶሪዎች ዓለም አቀፍ መስፈርት) እውቅና ካለው ላቦራቶሪ መውጣት አለባቸው። ለተራ ባለሁለት ባንድ ራውተር የሬዲዮ ሪፖርቱ ሁለት ነው፤ ለ2.4 ጊጋኸርዝ ኢኤን (የአውሮፓ መስፈርት) 300 328፣ ለ5 ጊጋኸርዝ ኢኤን 301 893። የኤሌክትሮማግኔት ተስማሚነቱ በኢኤን 301 489፣ የኤሌክትሪክ ደህንነቱ በዓለም አቀፉ የአይኢሲ 62368-1 መስፈርት ይታያል። የባጃጅ መከታተያ ከሆነ የጂኤስኤም ክፍሉ ኢኤን 301 511፣ 4ጂ ካለው ኢኤን 301 908 ይጨመራል። እንደ 868 ዳሳሽ ያሉት በኢኤን 300 220 ይፈተሻሉ። ከሰውነት ጋር ተጠግቶ የሚያዝ ስልክ ሲሆን ሰውነት የሚወስደው የሞገድ ኃይል ልኬት ይጠየቃል፤ የአውሮፓው ጣሪያ በ10 ግራም ሕብረ ሕዋስ 2 ዋት በኪሎግራም፣ የአሜሪካው በ1 ግራም 1.6 ነው። የሚለካበት መጠን ስለሚለያይ ሁለቱን አኃዞች በቀጥታ ማወዳደር አይቻልም፤ ሻጮች ግን ያወዳድሯቸዋል።

ቅደም ተከተሉ ከሰነዱ ዝርዝር በላይ ይወስናል። መጀመሪያ ከሻጩ የሚጠየቀው ዋጋ ሳይሆን ሙሉ የሞዴል ቁጥርና የሃርድዌር ሥሪት፣ ከዕቃው ጀርባ ፎቶ ጋር ነው። ቀጥሎ የሪፖርቶቹ የመጀመሪያ ገጾች ይጠየቃሉ። በእነዚያ ገጾች ላይ የሞዴሉ ስም፣ የአምራቹ ስም፣ የላቦራቶሪው እውቅና ቁጥርና ቀኑ ስለሚገኝ ሙሉ ሪፖርቱን ሳያዩም ብዙ ነገር ማወቅ ይቻላል። ሦስተኛ የውክልና ደብዳቤው ይመጣል። ከዚያ በኋላ ነው ፕሮፎርማ የሚቀበሉት፤ በፕሮፎርማውም ላይ «ራውተር» ተብሎ ሳይሆን በሪፖርቱ ላይ እንዳለው የሞዴሉ ቁጥር ሳይጓደል መጻፍ አለበት። ክፍያው በባንክ ሰነድ የሚፈጸም ከሆነ ሻጩ ለባንኩ ከሚያቀርባቸው ሰነዶች መካከል ሪፖርቶቹን ማስገባት ይቻላል። ያኔ ሻጩ ሪፖርቱን ካላቀረበ ገንዘቡን አያገኝም። አነስተኛ አስመጪ ያለው ጠንካራው መደራደሪያ ይህ ነው፤ ዕቃው ከተጫነ በኋላ ግን አይሠራም።

ፋይል የሚመለስባቸው ምክንያቶች

የመጀመሪያው የስም አለመግጠም ነው። ሪፖርቱ ላይ ያለው አምራች አንድ፣ ካርቶኑ ላይ ያለው ብራንድ ሌላ፣ ደረሰኙ ላይ ያለው የንግድ ድርጅት ሦስተኛ ይሆናል። በቻይና አንድ ፋብሪካ ያንኑ ዕቃ በአሥር ስም መሸጡ የተለመደ ስለሆነ ነገሩ ማጭበርበር ላይሆን ይችላል። ነገር ግን ፋብሪካው «ሞዴል ሀ እና ሞዴል ለ በስም ካልሆነ በቀር በሃርድዌርም በሶፍትዌርም አንድ ናቸው» የሚል የተፈረመ ደብዳቤ ካልሰጠ ተቆጣጣሪው ሰንሰለቱን ማገናኘት አይችልም።

ሁለተኛው የሞጁል ሪፖርት ነው። ብዙ ርካሽ መሣሪያዎች ውስጣቸው የታወቀ የዋይፋይ ወይም የጂኤስኤም ሞጁል (ተሠርቶ የሚሸጥ የሬዲዮ ክፍል) አላቸው፤ ሻጩም የሞጁሉን ሪፖርት ይልካል። የሞጁሉ ሪፖርት የሬዲዮውን ክፍል ይሸፍናል፤ የመሣሪያውን ኃይል አቅራቢ፣ ሳጥን፣ ሌላውን ቦርድና የተቀየረውን አንቴና አይሸፍንም። በ2 ዲቢአይ (የአንቴና ጉልበት መለኪያ) አንቴና የተፈተሸ ሞጁል ላይ 5 ዲቢአይ አንቴና ከተገጠመ የሚወጣው ኃይል በእጥፍ ያድጋል።

ሌሎቹ ቀለል ያሉ ናቸው፦ የተሻረ የመስፈርት ሥሪት የተጠቀመ ሪፖርት፣ የጎደለ ገጽ፣ ለ110 ቮልት ብቻ የተፈተሸ ቻርጀር፣ የውስጥ ፎቶ አለመኖር። የጉምሩክ ምደባም ያሳስታል። ስማርት ስልክ በ8517.13፣ ራውተርና መሰል የመረጃ ማስተላለፊያ በ8517.62፣ ድሮን በ8806 ሥር ይመደባል። ሲም ካርድ የሚቀበል መከታተያ በአሰሳ መሣሪያነት በ8526.91 ተመድቦ ከመጣ፣ የሬዲዮ ማሠራጫ መሆኑ ሲታወቅ ጭነቱ ይቆምና ጥያቄው ከቀረጥ ወደ ሕጋዊነት ይሸጋገራል።

ርቀትም ዋጋ አለው። ከጎንደር አዲስ አበባ በመንገድ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ማመልከቻው በኢንተርኔት ቢገባም ናሙና ማቅረብ፣ የጎደለ ሰነድ ማሟላት፣ ማብራሪያ መስጠት ወኪል ይጠይቃል። በ2015 ክረምት በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት በቆየበት ጊዜ ደግሞ ኢሜይል ማየት እንኳ ጣጣ ሆኖ ነበር። አንዳንዱ ነጋዴ ከዚህ ሁሉ ይልቅ ማረጋገጫ ካለው የአዲስ አበባ አከፋፋይ መረከብን ይመርጣል። ትርፉ ቢያንስም ኃላፊነቱ አስመጪው ላይ ስለሚቆይ ለትንሽ ብዛት ይህ የተሻለ ስሌት ነው።

2,000 ሜትር የምትባለው መስመር

አንድ ሪፖርት ውስጥ ብዙ ሰው የማያያት መስመር አለች። የአይኢሲ 62368-1 መስፈርት በኤሌክትሪክ ክፍሎች መካከል የሚተወውን የአየር ክፍተት የሚያሰላው፣ አምራቹ ሌላ ካላለ፣ እስከ 2,000 ሜትር ከፍታ ላለ አገልግሎት ነው። ከዚያ በላይ አየሩ ስለሚሳሳ ያንኑ ክፍተት ዘሎ ብልጭታ ለመፍጠር የሚያስፈልገው ቮልቴጅ ይቀንሳል። ለ3,000 ሜትር ክፍተቱ በ1.14፣ ለ5,000 ሜትር በ1.48 መባዛት አለበት። የጎንደር ከተማ አብዛኛው ክፍል ከ2,000 ሜትር በላይ ነው፤ አዲስ አበባ፣ ደሴና ደብረ ብርሃን ደግሞ ከዚህም ይበልጣሉ።

ይህ ማለት የ2,000 ሜትር ቻርጀር ጎንደር ላይ ይፈነዳል ማለት አይደለም፤ ጥሩ አምራች ከዝቅተኛው መጠን በላይ ክፍተት ይተዋል። ርካሹ ቻርጀር ግን ልኩ ላይ ይቆማል፤ የመብራት ኃይል ከፍና ዝቅ ሲጨመርበት ያ ልክ አይበቃም። በደህንነት ሪፖርቱ መግቢያ ገጾች ላይ የአገልግሎት ከፍታው ተጽፎ ይገኛል። የቻይና ገበያ እስከ 5,000 ሜትር ስለሚጠይቅ ለዚያ ገበያ ጭምር የተሠሩ ቻርጀሮች ብዙ ናቸው፤ ሻጩን «የ5,000 ሜትሩን ስጠኝ» ማለት የሚቻል ነገር ነው። ለደጋ አገር ተቆጣጣሪ ይህን በግልጽ መስፈርት ማድረግ ተገቢ ይመስላል።

እዚሁ ይፈተሽ ወይስ የውጭው ይበቃል?

አስመጪዎች የሚያነሡት ቅሬታ ቀላል የሚባል አይደለም። አንድ ሞዴል አንዴ በላቦራቶሪ ከተፈተሸ፣ ሌላ አስመጪ ያንኑ ሞዴል ሲያመጣ ለምን እንደገና ፋይል ይከፈታል ይላሉ። ሪፖርቱ የአምራቹ ንብረት ስለሆነ ብራንዱን በወኪልነት የያዘ ትልቅ ድርጅት በቀላሉ ያገኘዋል፤ 200 ፍሬ የሚያመጣ የክልል ነጋዴ ግን አያገኘውም። በዚህ መልኩ ቴክኒካዊው መስፈርት ሳይታሰብ የገበያ አጥር ይሆናል። በሌላ በኩል ተቆጣጣሪው የሚፈራው የተመሳሰለ ዕቃን ነው። ማረጋገጫው ለሁሉም ክፍት ከሆነ ያንኑ የሞዴል ቁጥር የለጠፈ ሐሰተኛ ዕቃ በዚያው ሽፋን ይገባል።

የሌሎች አገሮች ልምድ የተለያየ ነው። ብራዚል በአብዛኛው በአገር ውስጥ እውቅና ባለው ላቦራቶሪ እንዲፈተሽ ትጠይቃለች። ህንድ ፈቃድ በማይጠይቁ ሞገዶች ለሚሠሩ ብዙ ዕቃዎች የአምራቹን ወይም የአስመጪውን መግለጫ መነሻ አድርጋ ማረጋገጫ ትሰጣለች። ናይጄሪያ ማረጋገጫ ያገኙ ስልኮችን ዝርዝር ለሕዝብ ታወጣለች።

የአገር ውስጥ ሙሉ ላቦራቶሪ ለጊዜው ውድ መንገድ ነው። ሞገድ የማያንጸባርቅ ክፍል፣ በየጊዜው የሚታረም መለኪያና የሠለጠነ ባለሙያ ይፈልጋል፤ እውቅናው ካልተጠበቀ ደግሞ ሪፖርቱ ከድንበር ውጭ ዋጋ የለውም። የተሻለው አካሄድ የውጭውን ሪፖርት ተቀብሎ፣ የጸደቁ ሞዴሎችን ከነሃርድዌር ሥሪታቸው በቀላሉ ተፈልጎ በሚገኝ ዝርዝር ይፋ ማድረግ፣ ከዚያም ጉልበትን በገበያ ላይ ናሙና ማንሣት ላይ ማዋል ነው። በወረቀት ጥሩ ሆኖ በመደርደሪያ ላይ ሌላ የሆነን ዕቃ የሚይዘው የገበያ ናሙና ብቻ ነው። በመተማ መስመርም ሆነ በሻንጣ ያለወረቀት የሚገባው ስልክና ራውተር ለማመልከቻ ጠረጴዛ አይቀርብምና በማመልከቻ ጥብቀት ብቻ አይደረስበትም። ጥብቀቱ ሕጋዊውን ዕቃ ብቻ ካስወደደ ደግሞ ገዢውን ወደዚያኛው ይገፋዋል።

እዚሁ የሚሠሩ መሣሪያዎች

በጎንደር ዩኒቨርሲቲና በአካባቢው ወጣት ባለሙያዎች የአፈር እርጥበት ዳሳሽ፣ የውኃ ቆጣሪ፣ የተሽከርካሪ መከታተያ መሥራት እንግዳ ሥራ አይደለም። ለመመረቂያ ጠረጴዛ ላይ የሚሠራ ናሙና እና 300 ፍሬ ተሠርቶ ለገበሬዎች የሚሸጥ ምርት ግን በሕግ ዓይን አንድ አይደሉም፤ የቴሌኮም ማጭበርበር አዋጁ ማምረትና መገጣጠምንም ይጠቅሳልና።

ለእነዚህ ሰዎች ዋጋው የሚወሰነው በንድፍ ጊዜ ነው። የራስን የሬዲዮ ሰርኪት ከመንደፍ በብረት ክዳን የተሸፈነ፣ የአውሮፓ ሪፖርት ያለው ሞጁል መግዛት ይሻላል። የሞጁሉን ሪፖርት ከማዘዝ በፊት ማውረድ፣ በውስጡ የተጻፈውን የአንቴና ዓይነትና ጉልበት መመዝገብ፣ ከዚያ ያልበለጠ ተመሳሳይ አንቴና መጠቀም ያስፈልጋል። ሞጁሉ ቦርዱ ላይ የሚቀመጥበት ቦታ፣ ከአንቴናው ሥር መዳብ አለመኖሩና የኃይል መስመሩ ማጣሪያ በሞጁሉ መመሪያ እንዳለው ከሆነ የሬዲዮ ሪፖርቱን እንደገና ከማሠራት መዳን ይቻል ይሆናል። የኤሌክትሮማግኔት ተስማሚነቱና የደህንነቱ ፍተሻ ግን የመላው መሣሪያ ስለሆነ አይቀርም። ቻርጀሩን ከቦርዱ ለይቶ ሪፖርት ያለው ዝግጁ ቻርጀር መጠቀም የደህንነቱን ሸክም በእጅጉ ያቀልላል።

ወደ ላቦራቶሪ ከመላክ በፊት የራስ ምርመራ ማድረግም ይቻላል። አርቲኤል ኤስዲአር የሚባለው በዩኤስቢ የሚሰካ ርካሽ መቀበያ ከ24 እስከ 1,766 ሜጋኸርዝ ገደማ ስለሚያይ፣ ዳሳሹ በእርግጥ 868 ላይ መሆኑንና 915 አካባቢ ምንም አለመላኩን ለማየት ይበቃል። የ868 ሁለተኛ ብዜት (መሣሪያው ሳይፈለግ በዋናው ሞገድ እጥፍ ላይ የሚያወጣው) 1,736 ላይ ስለሚያርፍ እሱንም በጠርዙ ላይ ማየት ይቻላል። መቀበያው ለ2.4 ጊጋኸርዝ አይደርስም፣ የሚሰጠውም ቁጥር ለሪፖርት አይሆንም። ሲለኩ መሣሪያውን ቢያንስ ሁለት ሜትር ማራቅ ወይም በመካከል የ30 ዴሲቤል ማዳከሚያ ማስገባት ያስፈልጋል፤ አለዚያ መቀበያው ራሱ ተጨናንቆ የሌለ ሞገድ ያሳያል፣ ደህናው ቦርድም በከንቱ ይፈርሳል።